ሙዜ ባታቾካ እና የጎድጓዳው ክፉ ነፋስ

ከኒራጎንጎ ተራራ ግርጌ፣ ከሐይቁ በላይ ባለችው መንደራችን፣ ሽማግሌውን ሙዜ ባታቾካን የማያውቅ ሰው ቢኖር ገና ያልተወለደ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በእናቱ ሆድ ሳለ ስማቸውን ሳይሰማ አይቀርም። ሙያቸው ቹኩዱ መጥረብ ነው። እሳቸው የጠረቡት ባለ ሁለት እግር የእንጨት ጋሪ የአንድ ጫካ ከሰል ተጭኖበት ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ የጭነት መኪና ዳር ይዞ ያሳልፈዋል። አንድ ጊዜማ አውሮፕላን መንገድ ለቆለታል ይባላል፤ ባዩ እሳቸው ናቸው።

ታዲያ ከእጃቸው ሙያ የሚበልጠው ጥርጣሬያቸው ነበር። «እንደምን አደሩ» ሲሏቸው «ምን ፈልጎ ነው?» ይላሉ። ዝም ብለው ሲያልፏቸው ደግሞ «ምን ሠርቶብኝ ነው?» ይላሉ። ዝናብ በወቅቱ ሲዘንብ እንኳ ቀና ብለው ሰማዩን በአንድ ዓይናቸው ያዩታል።

የልጃቸው የባራካ ሠርግ ዕለት፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ፋኖስ በአንድ እጃቸው፣ ረጅም ምርኩዝ በሌላው ይዘው፣ አንድ ሸክም የሙዝ ቅጠል በትከሻቸው አድርገው ከቤት ወጡ። በእሳቸው ዘር አዲስ ሙሽሮች የሠርጋቸውን ሌሊት የሚያድሩት ጎጇቸው በሚቆምበት ቦታ፣ በባዶ መሬት ላይ ቅጠል አንጥፈው ነው። መሬቱ ባለቤቶቹን እንዲያውቅ ነው ይላሉ። ለባራካ የተመረጠው ቦታ ከመንደሩ ወጣ ብሎ ያለው ጎድጓዳ ነበር።

አፋፉ ላይ ሲደርሱ ኳ! ኳ! የሚል ድምፅ ሰሙ። አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል በመዶሻ ትመታለች። ሙዜ ባታቾካ በዚህ ዓለም ላይ ከአንበሳ ይልቅ የሚፈሩት ነገር ቢኖር በሌላ ሰው እጅ የተያዘ ችካል ነው።

«ማነው? በሰው መሬት ላይ ችካል የሚተክል ማነው?» ብለው ጮኹ። ጩኸታቸው ከሐይቁ ማዶ ያሉ ዓሣ አጥማጆችን ሳይቀሰቅስ አልቀረም።

«እንደምን አደሩ ባባ፤ እኔ ነኝ፣ ሪዚኪ» አለች ሴቲቱ ቀና ብላ።

ሪዚኪ የሟች ወንድማቸው ልጅ ናት፤ የአባት ወንድም አባት ነውና ባባ ትላቸዋለች። በከተማ ተምራ ተመልሳ የመንደሩ ትምህርት ቤት መምህርት ሆናለች። ሙዜ ባታቾካ ግን በዚያች ቅጽበት መምህርቷን አላዩም፤ ያዩት ወንድማቸው ቀሚስ ለብሶ ከመቃብር ሲነሣ ነው።

«አሃ! ገባኝ» አሉ ፋኖሱን ወደ ፊቷ ከፍ አድርገው። «አባትሽ ይህን ጎድጓዳ ሲመኝ ሞተ። ስከለክለው ፍየሎቼን እየመረዘ እዚሁ ጣላቸው። አሁን ደግሞ ልጁ በቀይ ቀለም መጣች!»

«ባባ፣ አባቴ ፍየል አልመረዘም። ችካሉም የድንበር አይደለም። ለተማሪዎቼ አደገኛ ቦታዎችን ምልክት እያደረግሁ ነው።»

«በጎሕ? ሰው ሳያይሽ?»

«አደጋው የሚበረታው በጎሕ ስለሆነ ነዋ! ግን… ቅጠሉ ለምንድን ነው?»

«ለባራካና ለኤስፔራንስ መኝታ ነዋ። ዛሬ ማታ እዚህ ጎድጓዳ ውስጥ ነው የሚያድሩት።»

መዶሻው ከሪዚኪ እጅ ወደቀ።

«ባባ፣ በአምላክ ይሁንብዎ! እዚህስ አያስተኟቸው። እዚህ ከተኙ ጠዋት አይነሡም።»

ሙዜ ባታቾካ ሳቁ። ሳቃቸው ግን ከአፍንጫቸው አላለፈም። ሠርግ ሲደርስ ሟርት የሚያወራ ሰው መሬት የሚፈልግ ሰው ነው፤ ይህን ያህል ለመረዳት ከተማ ሄዶ መማር አያስፈልግም።

«ስሚ ልጄ፣ ዙሪያውን ተመልከች» አሉ። «ተራራው የተፋው ጥቁር ድንጋይ ነው። መቆፈሪያ ይሰብራል፣ እግር ይበላል። እዚህ ብቻ ነው አፈሩ እንደ ፉፉ ገንፎ የለሰለሰው። ነፋስ አይገባበትም። ብርድ አያውቀውም። የነገሥታት ልጆች እንዲህ ያለ መኝታ አላገኙም!»

«ነፋስ አለመግባቱ ነው እኮ የሚገድለው።»

«ነፋስ ሲጠፋ ሰው ይሞታል? ይኼን ያስተማረሽ ሰው ደመወዝ ይከፈለዋል?»

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ተናዶ መንገዱን ይቀጥል ነበር። ሪዚኪ ግን ጠዋት ጠዋት ሰባ ልጆች የሚያነሡትን ሁካታ ዝም የምታሰኝ ሴት ናትና አንድ ሽማግሌ አላሸነፋትም። ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችላቸው። ሙዜ ባታቾካ ሳይቀመጡ፣ ቅጠላቸውን ከትከሻቸው ሳያወርዱ፣ ከችካሉ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ቆሙ።

«ባባ፣ ይህ ተራራ ምን ይመስልዎታል?»

«ተራራ ነዋ! የክፉ ሙታን ነፍስ የምትነድበት። ቀይ ሆኖ የሚታይሽ እሱ ነው።»

«አያቶቻችን እንዲያ ብለውናል፤ እሳቱንም አልዋሹም። የምንቆምበት መሬት ግን ቅርፊት ብቻ ነው። ከሥሩ፣ ጥልቅ ቦታ ላይ፣ ዓለቱ እጅግ የጋለ ነው። ቅርፊቷ ደግሞ ከቀይ ባሕር አካባቢ ጀምሮ እኛን አልፎ እስከ ደቡብ ድረስ ለሁለት እየተከፈለች ነው። ቀስ ብላ፤ ጥፍርዎ ከሚያድገውም በዘገየ። ቅርፊቷ ስትሳሳ የጋለው ዓለት ወደ ላይ ይነሣል፤ ጫናው ሲቀልለት ይቀልጣል፤ ስንጥቅ ካገኘ ይወጣል። እሳተ ገሞራ የምንለው ይኸው ነው። ከመሬት በታች ሳለ ማግማ ይባላል፤ ሲወጣ ላቫ።»

«ቆይ ቆይ! አንድ ነገር፣ ሁለት ስም? ሁለት ስም የሚይዝ ሰው አጭበርባሪ ነው፤ ገበያ ውስጥ ስንቱን አይቻለሁ።»

«እርስዎስ ጫካ ሲቆም ዛፍ፣ ግቢዎ ሲገባ እንጨት አይሉትም?»

ሙዜ ባታቾካ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ዘጉት። ይህ በሕይወታቸው ለሁለተኛ ጊዜ የሆነ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው ጥርሳቸው የተነቀለ ቀን ነበር።

«እሺ፣ ላቫውንስ እኔ ከአንቺ በላይ አውቀዋለሁ» አሉ። «ከተማው ውስጥ የፈሰሰ ጊዜ አልጋዬን ተሸክሜ፣ አልጋው ላይ ሚስቴን አስቀምጬ፣ ቀድሜው ሐይቁ ዳር ደርሻለሁ።»

«እግርዎን ይባርከው! የኛ ተራራ ላቫ ቀጭን ነው፤ እንደ ውሃማ ገንፎ ይሮጣል። የሌሎች ተራሮች ደግሞ እንደ ሊጥ ወፍራም ይሆንና ጉሮሯቸውን ይዘጋል፤ ታፍኖ ታፍኖ ይፈነዳል። ግን ባባ፣ ተራራ የሚገድለው በእሳት ብቻ አይደለም። የቀለጠው ዓለት ውስጥ ጋዝ አለ። ካሲክሲ ሲጠምቁ ገንዳው ላይ ጎንበስ ቢሉ ምን ይሰማዎታል?»

ስለ ሙዝ መጠጣቸው የጠየቃቸውን ሰው ሙዜ ባታቾካ ለጥቂት ጊዜ መጠርጠር ያቆማሉ።

«ራስ ያዞራል! የኔ ካሲክሲ እኮ ነው! ዝንብ ብታልፍበት እስከ እሑድ ትዘፍናለች።»

«ራስዎን ያዞረው መጠጡ አይደለም፤ ገና አልቀመሱትማ። ከውስጡ የሚንተከተከው ጋዝ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይባላል። ያው ጋዝ ከተራራው ሥር በመሬቱ ስንጥቅ ሾልኮ ይወጣል። አይታይም፣ አይሸትም። ከአየር ስለሚከብድ ደግሞ እንደ ውሃ ዝቅ ያለ ቦታ ይፈልጋል፤ ጎድጓዳ ሲያገኝ ይተኛበታል። ፀሐይና ነፋስ ቀን ቀን ይበትኑታል፤ ሌሊትና ጎሕ ላይ ግን ይሞላል። ማዙኩ የምንለው እሱ ነው።»

ማዙኩ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ሙዜ ባታቾካ ዙሪያቸውን አዩ። ክፉ ነፋስ ማለት ነው፤ በመንደራችን ማዙኩን ጠላት ይልከዋል እንጂ መሬት አይተነፍሰውም።

«ማዙኩን የላክሽው አንቺ ብትሆኚስ?»

«እኔ ልኬው ቢሆን ኖሮ ለምን ላስጠነቅቅዎ እዚህ እቀመጣለሁ?»

«እሱ ነው የሚያጠራጥረው።»

ሪዚኪ ሳቋን ዋጥ አደረገች። ከቦርሳዋ ሻማ አውጥታ ጣሳ ውስጥ አቁማ ለኮሰችና በገመድ ቀስ አድርጋ ወደ ጎድጓዳው ለቀቀችው። ነበልባሉ መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው እንደ ተሳቀቀ ሰው ጠበበ፤ ጠፋ።

«ክሩን አርጥበሽዋል» አሉ ሙዜ ባታቾካ ወዲያው።

«እንግዲያው በራስዎ ፋኖስ ይሞክሩ።»

ቅጠሉን አወረዱ። የፋኖሳቸውን ክር አገላብጠው መረመሩ፣ ዘይቱን አሸተቱ፣ ገመዷን ግን እንቢ ብለው በራሳቸው ረጅም ምርኩዝ ጫፍ ላይ አንጠለጠሉትና ዘረጉት። ይህ ፋኖስ፣ በእሳቸው አፍ፣ በማዕበል መካከል ሐይቁን ተሻግሮ ያልጠፋ ፋኖስ ነው። ጎድጓዳው ውስጥ ዝቅ ሲል ግን ነበልባሉ አንዴ ተንበረከከ፣ ሁለተኛ አልተነሣም። ምርኩዙን በድንጋጤ ሲስቡት ፋኖሱ ከጫፉ ሾልኮ ጎድጓዳው ውስጥ ወደቀ።

«ነፋስ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ትንሽ ቀጥኗል።

«ሣሩን ይዩት፤ ይነቃነቃል?»

አንዲት ሰበዝ እንኳ አትነቃነቅም። ወፍ የለም፣ ፌንጣ የለም። ሙዜ ባታቾካ ይህን ዝምታ ለዓመታት ሰላም ሲሉት ኖረዋል። አሁን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ዝምታውን ራሱን ጠረጠሩት። ከዚያ ደግሞ መጠርጠራቸውን ጠረጠሩ፤ ይህች ልጅ እንዲህ እንዲያስቡ ፈልጋ ቢሆንስ?

«እኔ እገባለሁ!» አሉ። «የቀድሞ አባቶቼ መሬት እኔን አይበላም!»

«ባባ፣ አይግቡ!»

ማን ሰምቷት! እየተንደረደሩ ወርደው ከመካከሉ ቆሙ። ጎድጓዳው ውስጥ እግራቸውን አንፈራጠው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ እጃቸውን በወገባቸው አደረጉ።

«ይኸው! ሞቼ ከሆነ ንገሪኝ! የታለ ማዙኩሽ? ከኔ ሸሽቶ አገር ለቆ ሄደ!»

«ቆመው ስለሆነ ነው የዳኑት!» ብላ ጮኸች ሪዚኪ። «ጋዙ ከጉልበትዎ በታች ነው! ባባ፣ እባክዎ አይጎንበሱ! እንደ ቆሙ ይውጡ!»

«ፋኖሴን ላንቺ ትቼ?» አሉና ፋኖሱን ለማንሣት ጎንበስ አሉ።

አንድ ትንፋሽ ሳቡ። የሳቡት ግን አየር አልነበረም። ደረታቸው በሰፊው ተከፈተ፣ ምንም አልገባበትም። ጆሯቸው ውስጥ የመንደሩ ከበሮ ሁሉ በአንድነት ተመታ፤ በፊታቸው ተደፉ። የመጨረሻ ሐሳባቸው፣ ያው እንደ ልማዳቸው፣ «ከኋላዬ ገፋችኝ» የሚል ነበር፤ እሷ ግን ገና አፋፉ ላይ ነበረች።

ሪዚኪ አየር በሙሉ ሳንባዋ ስባ፣ አፏንና አፍንጫዋን ዘግታ፣ ቀና እንዳለች ወረደች። ኮታቸውን ከማጅራታቸው ጨምድዳ ጎተተች። ሙዜ ባታቾካ ቀላል ሰው አይደሉም፤ የራሳቸው ቹኩዱ እንኳ ሲጭናቸው ያቃስታል። ፊቷ እንደ ዶሮ ኩክኒ ቀልቶ አፋፉ ላይ ስትደርስ ትንፋሿን ለቀቀችና ከአጠገባቸው ተዘረረች።

ቆየት ብለው ዓይናቸውን ገለጡ። ሰማዩን አዩ፤ እሷን አዩ።

«መሬቱን አልሰጥሽም» አሉ።

ሪዚኪ ሳቋም እንባዋም እኩል መጣባት። «አልፈልገውም እኮ ባባ! ማንም እንዲወስደው አልፈልግም። እኔም ራሴ ያጠፋሁትን ጥፋት ተማሪዎቼ ቢያጠፉ እቀጣቸው ነበር፤ ጎድጓዳ ውስጥ የወደቀን ሰው ሊያወጡ ገብተው የሞቱት ስንት ናቸው!»

ሙዜ ባታቾካ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ጀርባቸውን ጥቁሩ ድንጋይ ላይ አስደግፈው ወደ ጎድጓዳው አዩ።

«ቆሜ ሳለሁ ምንም አልነበረም» አሉ።

«አልነበረም።»

«ጎንበስ ስል ነው።»

«ጎንበስ ሲሉ ነው። ባራካና ኤስፔራንስ ደግሞ ጎንበስ አይሉም ባባ፤ ይተኛሉ።»

ሽማግሌው በገዛ እጃቸው አንጥፈውት ሊሄዱ የነበረውን ቅጠል አዩና ዓይናቸውን መለሱ።

«ፍየሎቹስ?» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ፍየል ሲግጥ አንገቱን ይደፋል።»

ሁለት ወንድማማቾች በአንድ መንደር እየኖሩ አንዱ ሌላውን በመራዥነት ከስሶ፣ በአንድ ገበታ ሳይቀርቡ፣ አንዱ ታናሹን ሳይቀብር ቀረ። መራዡ ግን ከእግራቸው ሥር ተኝቶ ነበር። አለማወቅ ቢያንስ ዝም ይላል፤ አለማወቅ ላይ ጥርጣሬ ሲጨመርበት ግን ለሞተ ፍየል ሁሉ ገዳይ ሰው ይፈልግለታል።

«ታዲያ ቤቱ የት ይቆማል?» አሉ ሙዜ ባታቾካ ተነሥተው።

ሪዚኪ ከፍ ያለውን ጥቁር የላቫ ጉብታ አሳየቻቸው። «እዚያ። ነፋስ ያገኘዋል፤ ጋዝ አይተኛበትም። ድንጋዩ ግድግዳ ይሆናል፤ እሳት አያቃጥለው፣ ምስጥ አይበላው። ተራራው የተፋው አመድ ደግሞ በጊዜ ብዛት ጥሩ አፈር ይሆናል፤ ጎመናችንና ባቄላችን እንዲህ የሚያምረው ከምን ይመስልዎታል? ተራራው ገዳይ ብቻ አይደለም ባባ፤ መጋቢም ነው። ጠባዩን ማወቅ ነው።»

«ድንጋይ ላይ ሙሽራ ማን ያስተኛል? ምን ይሉኛል?»

«ወገባቸውን ያመማቸዋል። ወገብ የሚያመው በሕይወት ያለ ሰውን ነው።»

በዚያ ቀን ሠርግ ላይ ካሲክሲው እንደ ወንዝ ፈሰሰ፤ የሳምባዛ ዓሣ ጥብስ ክምር ተራራውን ሊሸፍን ጥቂት ቀረው። ሙዜ ባታቾካ ሙሽሮቹ ጉብታው ላይ እንደሚያድሩ ባስታወቁ ጊዜ ግን ጭፈራው ቆመ። የሙሽራዪቱ አጎት ካሊንዳ ብድግ አለ።

«የእኛ ልጅ እንደ እንሽላሊት ድንጋይ ላይ ልትሰጣ? ባታቾካ፣ ለስላሳውን መሬት ለራስህ ልታስቀር ነው አይደል? እኛ ሞኝ መሰልንህ?»

ሙዜ ባታቾካ ካሊንዳን አዩት። ገና ዛሬ ጠዋት እሳቸው የተናገሩት ቃል፣ በሌላ ሰው አፍ ሲሰሙት፣ እንዴት ያለ አስቀያሚ ቃል እንደሆነ ገባቸው። ሊቆጡ ነበር፤ ግን ተዉት። አንድ ሻማ አንሥተው ለኮሱ፤ ካሊንዳን በክንዱ ይዘው ካሲክሲው ገና ወደሚንተከተክበት ትልቅ ገንዳ ወሰዱት።

«አትመነኝ» አሉት። «እንደኔ ያለ ተጠራጣሪ አልተፈጠረም፤ አሁን አንተ ተራህ ነው። ሻማውን ራስህ ያዝና ወደ ገንዳው ዝቅ አድርገው።»

ካሊንዳ ሻማውን ዝቅ አደረገ። ከመጠጡ በላይ ባለው ባዶ ቦታ ነበልባሉ እልም አለ። ሰዉ «ሄ!» አለ።

«ይህ የመጠጥ ትንፋሽ ነው» አሉ ሙዜ ባታቾካ፤ ደረታቸው ተነፋ። «ጎድጓዳው ውስጥ ያለው ደግሞ የተራራው ትንፋሽ ነው። ዛሬ ጠዋት ከእሱ ጋር ታግያለሁ! ሦስት ጊዜ ጣልኩት፤ አንድ ጊዜ ብቻ ጣለኝ። ያነሣችኝ ይህች የወንድሜ ልጅ ናት። ወንድሜ…» ወደ ሪዚኪ ዞሩ። «ወንድሜ ፍየል አልመረዘም። ሁላችሁም ስሙት።»

ሪዚኪ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ሰዉ በጥያቄ ከበባት፤ እሷም ስትመልስ አመሸች። ቀይ ችካል ካለበት ጎድጓዳ ልጅም ፍየልም በጎሕ እንዳይገባ፤ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ማንም እንዳይተኛ፤ ሻማ ቢጠፋ ሞት እንዳለ፣ ባይጠፋ ግን ደህና ነው ማለት እንዳልሆነ፤ የወደቀ ሰው ቢታይ ዘሎ መግባት ሳይሆን ሰው ጠርቶ በገመድ ወይም በረጅም እንጨት መሳብ እንደሚሻል፤ መሬት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ ተራራውን የሚከታተሉት ባለሙያዎች የሚሉትን መስማት እንጂ ጠንቋይ ቤት መሮጥ እንደማይጠቅም። ካሊንዳ ሁሉንም ሰማ፤ አንድ አንዴ «እርግጠኛ ነሽ?» ይል ነበር። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልስ ሲገኝለት ይበልጥ ጥሩ ይሆናል።

በማግስቱ ሰማዩ ሳይነጣ ሙዜ ባታቾካ ጉብታውን ሲወጡ ልባቸው ከእግራቸው ቀድሞ ይሮጥ ነበር። ሁሉን ተረድተዋል፣ ሁሉን ለሌላ አስተምረዋል፤ ሆኖም ጥርጣሬ በአንድ ቀን የሚለቅ ልብስ አይደለም። ጋዙ ጉብታውን ቢወጣስ? ልጅቷ ተሳስታ ቢሆንስ?

ሙሽሮቹ በቅጠሉ ላይ ተጋድመዋል። አይንቀሳቀሱም። ድምፅ የለም። ሙዜ ባታቾካ ምርኩዛቸውን ጥለው ተንበረከኩና ጆሯቸውን ከልጃቸው አፍንጫ ላይ ደገኑ።

ኤስፔራንስ አንድ ዓይኗን ገለጠች። «ባባ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ዝም በይ፤ እየሰማሁ ነው።»

በዚያው ቅጽበት ባራካ ትንፋሹን ስቦ አንኮራፋ። ማንኮራፋት አይሉት፣ መጋዝ እርጥብ ግንድ ሲቆርጥ ነው የሚመስለው፤ ከታች መንደር ያሉ ውሾች ሁሉ መለሱለት።

«ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ነው» አለች ሙሽራዪቱ እያለቀሰች። «ድንጋዩ ወገቤን ቆረጠው፣ እሱ ጆሮዬን። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም ባባ! ይቀስቅሱልኝ።»

ሙዜ ባታቾካ ግን አልቀሰቀሱትም። ድንጋዩ ላይ ከአጠገባቸው ቁጭ ብለው፣ ጉልበታቸውን አቅፈው፣ ፀሐይ እስክትወጣ ያንን ማንኮራፋት ሲያዳምጡ ቆዩ።